ጅማ፦ ሰፈራችን ዘንድሮ ሦስት ጊዜ ተቆፈረ፣ ጉድጓዱ ከመደፈኑ በፊት እንነጋገር

የቆጪ ልጅ፣ ግንቦት 11፣ ማታ 2:40

ሰላም የጅማ ልጆች፣ እንዴት ዋላችሁ። ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ቆጪ ነው። ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ የሚገባ የኮብልስቶን መንገድ አለን። ቢበዛ 200 ሜትር ቢሆን ነው። ይህቺ 200 ሜትር ዘንድሮ ሦስት ጊዜ ተከፈተች። ጥር ላይ የውሃ መስመር ሊቀይሩ ቆፈሩ፣ ደፈኑት። መጋቢት ላይ የኢንተርኔት ፋይበር የሚቀብሩ ሌሎች መጡ። ከውሃው ቱቦ ግማሽ ሜትር ፈቀቅ ብለው ቆፈሩ። በዲጂኖ ቱቦውን አገኙትና ሁለት ቀን ውሃ አጣን። እሱም ተደፈነ። አሁን ደግሞ ለጎርፍ ማፋሰሻ ቦይና ለእግረኛ መንገድ ተብሎ በኤክስካቫተር ተከፍቷል። ዝናቡም ገብቷል።

ዛሬ ጠዋት የሆነውን ልንገራችሁ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ኪዳን ልታደርስ ወጣች። በራችን ላይ ሁለት ጣውላ ጎን ለጎን ተጥሏል። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ጣውላው በቀይ ጭቃ ተለብጧል። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ፣ በአንድ እጇ እኔን፣ በሌላው የአጥሩን ቆርቆሮ ይዛ መሻገር ጀመረች። ከሥር ያለው ጉድጓድ ደረቴ ድረስ ይሆናል፣ ግማሹ ውሃ ነው። መሃል ላይ ስትደርስ አንደኛው ጣውላ ተንሸራተተ። «ማርያም!» አለችና ክንዴን ጨመቀችው። ተሻገረች። ግን ተመልሳ እቤት እስክትገባ ልቤ አላረፈም።

ሥራውን አልቃወምም። እዚህ መንገድ ላይ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ ግቢያችን ድረስ ይገባብን ነበር። ቀበሌ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ቦይ ይሠራልን ያልኩት እኔው ነኝ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለምን ዝናብ ሲመጣ ይቆፈራል? ለምን አንድ ላይ አይቆፈርም? አሁን ከመደፈኑ በፊትስ እኛ ነዋሪዎቹ ማድረግ የምንችለው ነገር አለ ወይ?


ባለባጃጅ፣ ግንቦት 11፣ ማታ 3:05

ወንድሜ እናትህን እግዜር ጠበቃቸው። እኛ ሹፌሮች ዘንድሮ ያየነውን እንዲህ ብለን አንጨርሰውም። ጉድጓዱ ክፍት ሲሆን እንኳ ይሻላል፣ ታየዋለህ። የሚያስፈራው የተደፈነው ነው። ላዩ አፈር ለብሶ ደህና ይመስላል። ዝናብ ሲመታው ይሰምጣል። ባለፈው ሳምንት ከመርካቶ ሁለት እናቶች ጭኜ ስመጣ የፊት ጎማዬ እንደዚያ ያለ ቦታ ላይ ገባ። ባጃጇ አዘነበለች። ሰው አልተጎዳም፣ ግን የአንደኛዋ እናት አንድ ትሪ እንቁላል አለቀ። ኪራያቸውን አልተቀበልኩም። አሁን ወደ ውስጥ ሰፈር ግባ ስባል በእግሬ ሄጄ መንገዱን አይቼ ነው የምገባው።


ሲቪል ነኝ፣ ግንቦት 11፣ ማታ 4:20

የመንገድና የፍሳሽ ሥራ ላይ 9 ዓመት ሠርቻለሁ፣ የተወሰነውን ጅማ። የቆጪ ልጅ፣ ጥያቄህ ትክክለኛ ነው። ከመጀመሪያው ልነሳ።

የአገራችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ሐምሌ 1 ጅማ ላይ ምን እንደሚመስል የማያውቅ የለም። ገንዘቡ ሲለቀቅ ዝናቡ እየወረደ ነው። ከዚያ ዲዛይን ይከለሳል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ይከፈታል፣ ቅሬታ ይሰማል፣ ውል ይፈረማል። ቶሎ አለቀ ሲባል ጥር ይደርሳል። ኮንትራክተሩ ቅድመ ክፍያ ተቀብሎ፣ ማሽን አስመጥቶ፣ ገረጋንቲ (የመሙያ አፈር) የሚያወጣበትን ቦታ አግኝቶ መሬት ሲነካ መጋቢት ነው። መቀሌ ቢሆን ገና ብዙ ደረቅ ጊዜ ይቀረዋል። ጅማ ግን ጅማ ናት። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ከየካቲት መጨረሻ ይጀምራል፣ እስከ መስከረም ይዘልቃል፣ አንዳንዴ ጥቅምትንም ይወስዳል። በእርግጠኝነት ደረቅ ነው ብለህ የምትቆፍርበት ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ወረቀቱ ገና ቢሮ ለቢሮ እየዞረ ነው።

ከዚያ ሰኔ 30 ይመጣል። ያልተሠራበት በጀት ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሁሉም ይሯሯጣል። ክፉ ሰው ስላለ አይደለም፤ የበጀቱና የዝናቡ ካላንደር ተላልፈው ነው።

አሁን ዝናብ ለምን እንደሚጎዳ ልናገር፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጉድጓድ ሲደፈን አፈሩ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ንብብር ተሞልቶ፣ እያንዳንዱ ንብብር መጠቅጠቅ አለበት። ለመጠቅጠቅ ደግሞ አፈሩ ልክ የሆነ እርጥበት ያስፈልገዋል። የእኛን ቀይ አፈር በእጃችሁ ጨብጡት። ስትለቁት ቅርጹን ከያዘና መዳፋችሁን ካላራሰ ደህና ነው። ከተጣበቀባችሁ ወይም ውሃ ከወጣው በቃ፣ መጠቅጠቂያ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ቢመታው እንደ ሊጥ ወዲያና ወዲህ ይላል እንጂ አይጠብቅም። ውሃው መውጫ የለውም። ባለባጃጅ የጎማህ ነገር ከዚህ የመጣ ነው። ወደ ቦዬ ረግረግ ዝቅ ስትሉ ያለው ጥቁር መረሬ አፈርማ ይብሳል። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ያንን አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት እንጂ መልሶ መሙላት አይቻልም።

ሦስት ጊዜ ስለ መቆፈሩ ደግሞ፦ ደንቡ ጥልቁ መጀመሪያ ነው። ፍሳሽና ጎርፍ ከሥር፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ከዚያ መብራትና ፋይበር፣ መጨረሻ ላይ የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይና ንጣፍ። እናንተ ጋ ተገልብጦ ነው የተሠራው። ሁሉም የየራሱ በጀት፣ የየራሱ ውል፣ የየራሱ መጨረሻ ቀን አለው። አንድ ጠረጴዛ ላይ አምጥቶ አንድ ፕላን ላይ የሚያስቀምጣቸው ሰው ያስፈልጋል።


የሂርማታ ባለሱቅ፣ ግንቦት 12፣ ጠዋት 1:30

አሰላሙ አለይኩም። ሱቄ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ነው፣ ቅመማ ቅመምና ጥሬ ቡና እሸጣለሁ። ደጃፌ ከተቆፈረ 24 ቀን ሆነው። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፣ የሳምንቱ እንጀራዬ እሱ ነው። ከገጠር ዘንቢል ተሸክማ የመጣች እናት ጉድጓድ ተሻግራ እኔ ጋ አትመጣም፣ ማዶ ካለው ሱቅ ትገዛለች። አልፈርድባትም።

የምለው አንድ ነገር ነው። ይቆፈር፣ ግን ቀኑን ንገሩኝ። «ደጅሽ የሚከፈተው በዚህ ቀን ነው፣ የሚዘጋው በዚህ ቀን» ቢሉኝ ዕቃ ቀንሼ እገዛ ነበር። ጥሩ በርበሬ 3 ኩንታል አስገብቼ በማግስቱ ኤክስካቫተር ደጄ ቆመ። መጀመሪያ አቧራው፣ አሁን ደግሞ እርጥበቱ ጎዳው። ግማሹን በኪሳራ ሸጥኩት።

ወጣቶቹን ሠራተኞች ግን አልቀየምም። ዝናብ ሲመጣ እኔው ጋ ነው የሚጠለሉት። በረንዳዬ ላይ ቆመው ሻይ ይጠጣሉ። አንደኛው ልጅ ቦቲው ተቀዶ እግሩን በፌስታል ጠቅልሎ ነው የሚውለው።


ጡረተኛው፣ ግንቦት 12፣ ጠዋት 4:10

ልጆቼ፣ እንደምን አላችሁ። እኔ የመንገድ ጥገና ላይ 31 ዓመት ሠርቼ ነው የወጣሁት። አካፋ ይዤ ጀምሬ ፎርማን ሆኜ ጨረስኩ። ሲቪሉ ልጅ የጻፈው ትክክል ነው። እኔ ደግሞ ስለ ውሃው ልጨምር።

ጅማ ላይ መንገድ ሲሠራ መጀመሪያ የሚታሰበው ውሃው የት ይሄዳል የሚለው ነው። ከጅሬን ኮረብታ የሚወርደው ሁሉ ወደ አዌቱ ወንዝ ይመጣል። አዌቱ ከተማውን ሰንጥቆ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ። ከተማዋ በተዳፋትና በረግረግ መካከል ነው የተቀመጠችው። ከላይ በኃይል ይመጣል፣ ከታች ቶሎ አይሄድም። ስለዚህ ቦይ የሚሠራው ከታች ወደ ላይ ነው፣ መውጫው ሳይከፈት ላዩ አይሠራም። እኔ በዘመኔ ከላይ ተጀምሮ መሃል ላይ በጀት ያለቀበት ቦይ አይቻለሁ። ጎርፉን ሰብስቦ አንድ ሰው ጓዳ ውስጥ ደፋው። የቆጪው ልጄ፣ ይህን ጠይቅ። የእናንተ ቦይ የት ነው የሚያበቃው? እስከ መጨረሻው ድረስ በእግርህ ሂድና እየው።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ለራሳችን። ክዳን የሌለው ቦይ ውስጥ የማይጣል የለም። የውሃ ላስቲክ፣ ፌስታል፣ የጫት ገረባ። ገረባው ነው የሚብሰው፣ ላስቲኩን አቅፎ ይይዘውና ግድብ ይሆናል። አንድ ክረምት ላይ ከአንድ ማንሆል ብቻ 4 ጋሪ ገረባ አወጣን። ቦዩ ጠበበ ተብሎ ሊፈርስ ነበር፣ ጠቦ አልነበረም።


ዝም አልልም፣ ግንቦት 12፣ ቀን 7:15

ሁሉም እንዲህ ከሆነ እኔም የራሴን ልበል። ኮሪደር ልማቱ በ2016 አዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲሰፋ ጅማም ደረሳት። እኔ በዚያ መስመር ላይ ነው ጠዋትና ማታ የምሄደው። ድሮ ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሰው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ነበር፣ ሚኒባስ ክርናችንን እየነካን። አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፣ ማታ መብራት አለ። ልጄ ከፊቴ ትሮጣለች። አንድ ክረምት ጭቃ ብረግጥ ለዚህ ይገባዋል እላለሁ። ማጉረምረም ስናበዛ ሥራው ይቆማል ብዬ እፈራለሁ። የቆመ ጉድጓድ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል።


የቆጪ ልጅ፣ ግንቦት 12፣ ቀን 7:50

@ዝም አልልም፣ አንተ የምትለውን እኔም እፈልገዋለሁ። ልጅህ የምትሮጥበት ዓይነት መንገድ ቆጪ ውስጥ እንዲገባ ነው የምጮኸው። ግን ንጣፉ ከገባ በኋላ ከሥሩ ውሃ ፈንድቶ እንደገና ቢነሳ ያ ሁሉ ወጪ ምን ሆነ?

@ጡረተኛው አባባ፣ ዛሬ ከሥራ ስወጣ እንዳሉት ቦዩን ተከትዬ እሄዳለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።


ነጭ በትር፣ ግንቦት 12፣ ማታ 1:20

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ዓይነ ስውር ነኝ። ይህን የምጽፈው ስልኬ እያነበበልኝ ነው።

ከተማውን በጆሮና በበትር ነው የማውቀው። ከግቢ እስከ ፎቶ ኮፒ ቤቱ 340 እርምጃ ነው። በ90ኛው ላይ የሻይ ቤት ሽታ አለ። በ210ኛው ላይ የብረት ክዳን አለ፣ በትሬ ሲነካው ይደውላል። ከትንሣኤ ዕረፍት ስመለስ 210ኛው ላይ በትሬ ምንም አልነካም። አየር ላይ ቀረ። ክዳኑ ተነስቶ ነበር። አንድ እርምጃ ነበር የቀረኝ።

ሠራተኞቹ ስነግራቸው ደነገጡ። «ቴፕ ወጥረን ነበር እኮ» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ቴፑ ነበር። ግን ቴፕ ለሚያይ ሰው ነው። ወገብ ላይ ይወጠራል፣ በትሬ ከሥሩ ያልፋል። የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ከቴፑ በታች፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ አንድ ጣውላ በአግድም ይመታ። በትሬ ያገኘዋል። ሕፃንም አያልፈውም። ጣውላ ደግሞ ሳይት ላይ ሞልቷል።

ሌላም አለ። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ጉብ ጉብ ያለው መስመር ለእኛ ተብሎ ነው የሚነጠፈው። በጣም ደስ ይለኛል። አንድ ቦታ ላይ ግን ተከትዬው ስሄድ ቀጥታ የመብራት ምሰሶ ላይ ወሰደኝ። የሚያነጥፉት ልጆች መስመሩ ለምን እንደሆነ ቢነገራቸው እንዲህ አያደርጉትም ነበር።


የሂርማታ ባለሱቅ፣ ግንቦት 12፣ ማታ 1:45

ወንድሜ፣ አነበብኩት፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። አላህ ይጠብቅህ። ነገ ጠዋት ለፎርማኑ ይህን ጽሑፍህን በስልኬ አስነብበዋለሁ። ጣውላውን ከዕቃ ሣጥን ላይ ፈትቼ እኔው እሰጣቸዋለሁ።


ሲቪል ነኝ፣ ግንቦት 12፣ ማታ 3:30

ነጭ በትር፣ ይህን በዲዛይን ላይ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ ቢሰሙህ እንዴት ደስ ባለኝ። ለጓደኞቼ ልኬዋለሁ። የታችኛው አግዳሚ ነገር ልክ ነው፣ የደኅንነት ሥልጠና ላይ ይነገረናል፣ ሳይት ላይ ይረሳል።

የቆጪ ልጅ የጠየቀው ሦስተኛ ጥያቄ አልተመለሰም፤ ነዋሪ ምን ያድርግ? ከልምዴ የምመክረው አንድ ነገር አለ። የተቀበረው የት እንዳለ ለኩት።

ቱቦ የሚመታው ቆፋሪው ግድ ስለሌለው አይደለም። የት እንዳለ የሚያሳይ ወረቀት ስለሌለው ነው። ፕላኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሣላል፣ መሬት ላይ ድንጋይ ወይም ሥር ሲገጥማቸው ያዞሩታል፣ ያ አይመዘገብም። አሁን ጉድጓዱ ክፍት ነው። ሁሉም ነገር ይታያል። ከማይነቃነቅ ነገር ተነሱ፣ ከግንብ አጥር ጥግ ወይም ከበር ምሰሶ። ከዚያ እስከ ቱቦው ስንት እንደሆነ በሜትር ለኩ። ከመሬት ወለል ስንት እንደሚጠልቅ ለኩ። የሜትሩ ቁጥር እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። በየበሩ አንድ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ሌላ ቆፋሪ ሲመጣ በእጁ ስጡት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ጉድጓዱ ውስጥ አትግቡ፣ ከላይ ሆናችሁ በቋሚ እንጨት ለኩ። የራሰ ግድግዳ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚናደው፣ ደረት የሚደርስ አፈር ሰው ይገድላል። ቢጫ ወይም ቀይ ቴፕ ከተቀበረበት ቦታ ደግሞ ራቁ፣ ከሥሩ የመብራት ኬብል ሊኖር ይችላል።

የርክክቡን ቀንም ጠይቁ። ሥራ ከተረከቡት በኋላ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት የዋስትና ጊዜ አለው። በዚያ ውስጥ የሰመጠውን ኮንትራክተሩ በራሱ ወጪ ነው የሚያስተካክለው። ቀኑን የማያውቅ ነዋሪ ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው አቤት የሚለው።


ጡረተኛው፣ ግንቦት 13፣ ጠዋት 3:00

በጣም ጥሩ ምክር ነው። አንድ ልጨምር፣ ሲደፍኑ ማየት የምትችሉበት ዘዴ አለ። 12 ቁጥር ፌሮ ያዙ፣ አንድ ሜትር በቂ ነው። የተደፈነው ላይ ቀጥ አድርጋችሁ በሰውነታችሁ ተጫኑት። በደንብ የተጠቀጠቀ ከሆነ አንድ ጣት ያህል ገብቶ እምቢ ይላል። እንደ ገንፎ ዘው ካለ ገና ነው። ቱቦ ያለበት ላይ ግን እንዳታደርጉት። ለፎርማኑም በጥል አይደለም የሚነገረው። «ልጄ፣ ና እስቲ ይህን አብረን እንየው» በሉት። እኔን እንደዚያ ያሉኝ ሽማግሌ ነበሩ፣ አፍሬ እንደገና አስቆፍሬ አስጠቀጠቅኩት።

የፊታችን ዓመትን በተመለከተ ደግሞ፣ ክረምቱን ቢሮ ውስጥ ዲዛይኑንና ጨረታውን ጨርሰው በጥቅምት መጨረሻ መሬት እንዲነኩ በጽሑፍ መጠየቅ አለብን። በቃል የተጠየቀ ነገር ሰው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።


ባለባጃጅ፣ ግንቦት 13፣ ቀን 6:30

ፌሮዋን ባጃጄ ውስጥ አስገብቻለሁ አባባ። እኛ ሹፌሮች የሰመጠውን ቦታ ሁሉ ከማንም በላይ እናውቃለን። ማኅበራችን ውስጥ ተነጋግረን ዝርዝሩን ጽፈን እናመጣለን።


የሂርማታ ባለሱቅ፣ ግንቦት 14፣ ጠዋት 2:15

ጣውላው ተመታ። ፎርማኑ አንብቦ ሲጨርስ ምንም አላለም፣ ሚስማር አምጡ አለ። በእኔ በኩል ያለው 30 ሜትር ያህል ሁሉ ታችኛው አግዳሚ ገብቶለታል። ነጭ በትር፣ በዚህ በኩል ካለፍክ ግባና ቡና ጠጣ። መዝጊያ ቀኑንም ጠየቅኩት፣ ግንቦት 25 አለኝ። በቾክ በሬ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ደንበኛም እሱም እንዲያየው።


የቆጪ ልጅ፣ ግንቦት 16፣ ማታ 2:10

ቦዩን ተከትዬ ሄድኩ። መውጫው ተከፍቷል፣ አዌቱ ድረስ ይደርሳል። አንድ ቦታ ብቻ ድልድይ ሥር በድንጋይ ተደፍኗል፣ ለፎርማኑ አሳየሁት፣ ነገ እናነሳዋለን ብሏል።

ዛሬ እሑድ ስለሆነ ሥራ የለም። የሰፈር ልጆች አምስት ሆነን ለካን። እናቴ ወንበር አውጥታ በር ላይ ተቀምጣ ቁጥሩን ትጽፍልን ነበር። በ14 በር ለክተናል። አንዱ ቅጂ ቀበሌ ይገባል፣ አንዱ ፎርማኑ ጋ፣ ዋናው እድራችን መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል። የእድሩ ጸሐፊ ከሟቾች ዝርዝር ቀጥሎ ባለው ንጹሕ ገጽ ላይ በእጃቸው ገልብጠውታል።

የእኛን በር እዚህ ላስቀምጥ፣ ሌሎች ሰፈሮችም እንዲህ አድርጋችሁ ጻፉት።

ከብረት በራችን ግራ ምሰሶ እስከ ውሃው ቱቦ 1 ሜትር ከ35፣ ጥልቀቱ 70 ሳንቲ። እስከ ፋይበሩ 1 ሜትር ከ90፣ ጥልቀቱ 55። እስከ ቦዩ ጠርዝ 2 ሜትር ከ60። ከእኛ በር ወደ አስፋልቱ 6 ሜትር ስትሄዱ የባሕር ዛፍ ጉቶ አለ። ውሃው እሱን ሸሽቶ ወደ አጥሩ ይታጠፋል፣ እዚያ ጋ ከግንቡ 80 ሳንቲ ብቻ ነው። መጋቢት ላይ የተመታው እዚያው ላይ ነበር።